ጭቃ ቤት በጭቃ ይጠገን

ሰሞኑን የድሮ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ሲያገኘኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ኩንታል ስሚንቶ ይበቃዋል?» ብሎ ነው። መልሴ ሁሌም ያው ነው፣ ምንም። ለጭቃው ግድግዳ አንድ ኩንታልም እንዳይገባ። ይሄን ስል ሰው ቅር ይለዋል፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ስሚንቶ ማለት መሻሻል ነው፣ ጭቃ ማለት ደግሞ ማጣት ነው፣ እና ቤቱን ሊያሳድስ የመጣን ሰው መልሰህ በጭቃ አስመርግ ስትለው የናቅከው ይመስለዋል። እኔ ግን እነዚህን ቤቶች እየከፈትኩ ውስጣቸውን ባየሁ ቁጥር የበለጠ እርግጠኛ እየሆንኩ የመጣሁበት ነገር ይሄ ነው፦ የድሮ ቤት የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በጥገና ነው፣ ያውም በደግ ልብና በብዙ ብር በተሠራ ጥገና።

ስለየትኞቹ ቤቶች እንደማወራ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ባሉት ጥቂት አስርት ዓመታት መኳንንቱና ነጋዴው ያሠሯቸው ቤቶች አሉ፣ ታችኛው ፎቅ በድንጋይና በጭቃ የተገነባ፣ ላይኛው እንጨት ተማግሮ በጭቃ የተመረገ፣ ዙሪያውን የጣውላ በረንዳ ያለው፣ ደረጃው ከውጭ የሚወጣ፣ ጣሪያው ሾጠጥ ያለ ቆርቆሮ ሆኖ ከክፈፉ ስር በመጋዝ የተፈለፈለ ጌጥ የተንጠለጠለበት። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የራስ ብሩ ቤት፣ አሁን የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው፣ ጉለሌ ያለው የሼህ ሆጀሌ ቤት፣ እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት ሆቴል፣ እነዚህን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ግን ከነሱ ውጪ ስም የሌላቸው፣ ከአጥር ጀርባ የተቀመጡ፣ አንድ ቤተሰብ ወይ አስር ቤተሰብ የሚኖርባቸው ብዙ ነበሩ፣ አሁንም ጥቂት አሉ። እነሱ ናቸው የኔ ጉዳይ።

እነዚህን ቤቶች ስወዳቸው አንዱ ምክንያቴ የብዙ እጅ ሥራ መሆናቸው ነው። በረንዳውና ጌጡ ላይ የህንድና የአርመን ባለሙያዎች እጅ አለበት (አርመናዊው ሚናስ ኸርበክያን በዛን ጊዜ አዲስ አበባ ስንቱን ሕንፃ እንደሠራ ለሚያውቅ ይሄ አይገርመውም)፣ ግድግዳው ግን የኛው የመራጊዎች ሥራ ነው፣ ቋሚና ማገሩ ከገጠር ቤት ጋር አንድ ነው። ቆርቆሮው ከባህር ማዶ ነው የመጣው፣ ባቡሩ 1895 ላይ ድሬዳዋ ደርሶ እዛ ቆሞ ስለነበርና አዲስ አበባ እስኪገባ 1909 ስለሆነ፣ ከዛ በፊት ጣሪያ የለበሰ ቤት ሁሉ ቆርቆሮው በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ነው የመጣለት። እንጨቱ ደግሞ ጥድ ነው፣ ምስጥ የማይደፍረው። ባህር ዛፍ በኋላ ነው ከተማውን የወረሰው፣ እና ባህር ዛፍ የቆመበትና ጥድ የቆመበት ግድግዳ ሲከፈት ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል፣ የጥዱ ከመቶ ዓመት በኋላም ስትሰነጥቀው ይሸታል።

አሁን እየሠራን ያለነው የአክስቴን ቤት ነው፣ ጉለሌ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ። የመንገድ በኩል ያለው ግድግዳ የዛሬ ስንት ዓመት ለልጇ ሠርግ ተብሎ በስሚንቶ ተለስኗል፣ አሠራሩን ታውቁታላችሁ፣ ጭቃው ላይ ስሚንቶ አልይዝ ስለሚል ጭቃውን በዶማ ያቆሳስሉትና ሽቦ በሚስማር ይመቱበታል፣ ከዛ ልስን፣ ከዛ ጀሶ፣ ከዛ ፕላስቲክ ቀለም። ሲያዩት የሚያምር ነበር። በመዶሻ ቀስ ብለን ስንነካው ግን ከላይ እስከታች ባዶ ድምፅ ነው የሰጠን፣ ልስኑ ግድግዳውን ከለቀቀ ቆይቷል፣ የያዘው ሽቦው ብቻ ነበር። ስናወርደው ከኋላው ያለው ጭቃ ጥቁር ሆኖ ረጥቧል፣ የቋሚዎቹ እግር ደግሞ በእጅ ሲጨብጡት ዱቄት ሆኖ ይፈሳል። ጥድ ነው እንግዲህ፣ ምስጥ ያላሸነፈው ጥድ።

የጓሮው ግድግዳ ብር ስላልበቃ ያኔ አልተነካም። እሱ ጋ ሄደን ስንከፍት ጭቃው ደረቅ፣ እንጨቱ ቀይ፣ ማገሩ የታሰረበት ልጥ እንኳን ሳይበጠስ ቁጭ ብሏል። ሁለቱም ግድግዳ እኩል ዕድሜ አላቸው፣ የሚጥልባቸውም ያው ዝናብ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እንደሚፈለግ አላውቅም።

ምክንያቱ ሚስጥር አይደለም። ጭቃ እርጥበት ይጠጣል፣ መልሶ ደግሞ ይተፋል። ከመሬት የሚወጣው እርጥበት፣ ክረምት የሚያርሰው፣ ውስጥ የሚፈላው ውሃና የሰው ትንፋሽ ሁሉ ግድግዳው ውስጥ ይገባና ፀሐይ ሲወጣ ተኖ ይሄዳል። ስሚንቶ ስትለስነው በሩን ዘጋህበት ማለት ነው። ውሃው መግባቱን አያቆምም፣ ከስር ይመጣል፣ በስንጥቅ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም፣ ስለዚህ የሚያገኘው ነገር እንጨት ነው፣ እንጨቱ ውስጥ ይቀመጣል። በዛ ላይ ስሚንቶ ደረቅ ነው፣ አይታጠፍም፣ ቤቱ ደግሞ በየክረምቱና በየበጋው ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ስለዚህ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ዝናብ ይገባል፣ ዙሩ ይቀጥላል። የፕላስቲክ ቀለምና የዘይት ቀለምም ያው ናቸው፣ ቀጭን ይሁኑ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው።

ይሄ ደግሞ የትናንሽ ቤቶች ችግር ብቻ አይደለም። ጎንደር ፋሲል ግቢ የተገነባው በኖራ ነው፣ በጣሊያን ጊዜ በተደረገው ጥገና ስሚንቶና ኮንክሪት ገባበት፣ በኋላ የመጡት ባለሙያዎች ወደ ኖራው መመለስ ነበረባቸው። ሐረር ጁገል ውስጥ ደግሞ (1998 ላይ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው) ቤቶቹ ድንጋይና ጭቃ ሆነው ይሄን ያህል የቆዩት ሰው ኖራ መቀባቱን ስላልተወ ነው፣ ቅብ በቅብ ላይ እየተደረበ። እዛ ጥገና ትልቅ ፕሮጀክት ሳይሆን የቤት ሥራ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ያጣነው እሱን ነው።

እንግዲህ ስለ ጭቃው ላውራ፣ ምክንያቱም ሰው ጭቃ ማለት አፈርና ውሃ ይመስለዋል። ከኛ ጋ የሚሠሩ አንድ አዛውንት መራጊ አሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ግቢው ውስጥ የወጣውን አፈር በእጃቸው አርሰው ማሸትና «ይሄ ዋልካ አለው፣ ይተረተራል» ብለው መተው ነበር። ዋልካ ውሃ ሲነካው ያብጣል ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ለግድግዳ አይሆንም። ቀይ አፈር ከእንጦጦ በኩል በመኪና አስመጣን። ጉድጓድ ተቆፈረ፣ አፈሩ ተደፋ፣ የጤፍ ጭድ ተነሰነሰ፣ ውሃ ተለቀቀበትና በእግር ተረገጠ፣ ከዛ ተሸፍኖ ተተወ። በማግስቱ ይገለበጣል፣ ጭድ ይጨመራል፣ ይረገጣል፣ እንደገና ይተዋል። እንደ ሊጥ ነው የሚቦካው፣ ሽታውም ይቀየራል፣ መጀመሪያ የአፈር ሽታ ነው፣ ቆይቶ ይኮመጥጣል፣ ጭዱ እየበሰበሰ የሚያጣብቅ ነገር ይለቃል። ጋሼ መድረሱን የሚያውቁት በማየት አይደለም፣ አንድ ጭብጥ ይወስዱና ግድግዳው ላይ ይወረውሩታል፣ ከወደቀ አልደረሰም፣ ተጣብቆ ሲስቡት ከጭዱ ጋር ክር እየሠራ ከመጣ ደርሷል። እኔ ሰዓትና መጠን ልጽፍ ደብተር ይዤ ነበር፣ እሳቸው ግን «አየሩን እየው እንጂ ደብተሩ ምን ይልሃል» አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው፣ ብርድ ሲሆን ይዘገያል፣ ሙቀት ሲሆን ይፈጥናል።

ምርጊቱ በአንዴ አያልቅም። የመጀመሪያው ወፍራም ነው፣ በማገሮቹ መሀል ከሁለቱም በኩል በእጅ ይጠቀጠቃል፣ ከዛ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ መሰንጠቅም አለበት፣ ምክንያቱም ሁለተኛው ምርጊት የሚይዘው ስንጥቁን ነው። ቸኩሎ የሚደርብ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ያወርዳቸዋል። ሁለተኛው ጭዱ ይደቅቃል፣ ሦስተኛው አፈሩ ተነፍቶ እበት ይገባበታል፣ እሱ ነው በመዳፍ እየተዳበሰ የሚለሰልሰው። ካሱላና ፍራታሶ ያመጣ ወጣት ግንበኛ ነበረን፣ ጋሼ መሣሪያውን አልከለከሉትም፣ ግን የሱ ክፍል ሲደርቅ ልሙጡ ላይ ኖራው አልያዘም፣ የመዳፉ ላይ ያዘ። ፀሐይ የሚመታውን ግድግዳ ደግሞ ጆንያ አርሰን ጋረድንለት፣ ቶሎ ከደረቀ ላዩ ጠንክሮ ውስጡ እርጥብ ይቀራል።

ኖራው ራሱ ትዕግስት ይፈልጋል። ደህና ኖራ ማለት ተቃጥሎ የመጣው ድንጋይ ውሃ ውስጥ ተጥሎ የበረደ፣ ከዛም በርሜል ውስጥ ውሃ ለብሶ ብዙ ጊዜ የተቀመጠ ነው፣ በቆየ ቁጥር ይለሰልሳል። ድንጋዩ ውሃው ውስጥ ሲገባ ይፈላል፣ ዓይን ያጠፋል፣ ስለዚህ መነፅርና ጓንት ያስፈልጋል፣ ሕፃናት አይጠጉም። ከዛ ወተት እስኪመስል ቀጥኖ፣ ግድግዳው በውሃ ከተረጨ በኋላ በስሱ በስሱ ይቀባል፣ አንድ ወፍራም ቅብ ይላጣል፣ አራት ስስ ቅብ አይላጥም። መጀመሪያ ሲቀባ ምንም ያልተቀባ ነው የሚመስለው፣ አክስቴ «ልጄ ውሃ ነው እንዴ የምትቀቡት?» ብላ ተጨንቃ ነበር፣ ሲደርቅ ነው ነጭ የሚሆነው። አየር ውስጥ ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እየተዋሃደ ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል፣ ውሃውን ግን ያስተነፍሳል።

የበሰበሱትን ቋሚዎች ሙሉ በሙሉ አልቀየርናቸውም። ወገባቸው ጤነኛ ነው፣ የሞተው እግራቸው ብቻ ነው፣ ስለዚህ ጣሪያውን በድጋፍ አቁመን የበሰበሰውን ቆርጠን በዛው ዓይነት እንጨት በመሮ አገናኝተን ቀጠልነው፣ ከስሩም ድንጋይ አስቀመጥንለት መሬቱን እንዳይነካ። አሮጌ ጥድ ከየት ይገኛል ካላችሁኝ፣ ከሚፈርስ ቤት ነው፣ ይሄ የሚያሳዝን መልስ ነው ግን ሌላ የለም። ማጠፊያና ቁልፍ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይገኛል፣ በትዕግስት ለሚፈልግ። አዲስ የቀጠልነው እንጨት ላይ ሁሉ ማንም በማያየው በኩል የሠራንበትን ዓመት ቀርፀንበታል፣ ወደፊት የሚከፍተው ሰው የቱ የመጀመሪያው የቱ የኛ እንደሆነ ማወቅ አለበት፣ አሮጌ አስመስሎ ማታለል ጥገና አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር አለ። የድሮውን ጠብቀን እንሥራ ስንል ወደ የትኛው ድሮ? የአክስቴ ቤት የምሥራቁ በረንዳ በኋላ በመስታወት ተዘግቷል፣ መጀመሪያ ክፍት ነበር። አንድ ወዳጄ አርክቴክት ይነሳ አለ፣ እኔ አይነሳም አልኩ፣ አሠራሩ ጥሩ ነው፣ የእንጨት ክፈፉ በእጅ የተላገ ነው፣ መስታወቱም ያ ወላገድ የሚለው አሮጌ መስታወት ነው፣ ቤተሰቡም ብርድ ሲሆን ቡና የሚያፈላው እዛ ነው። እሱን አውጥቼ የ1900ዎቹን ፎቶ ብመልስ ለማን ነው የምሠራው? ያነሳነው ጉዳት የሚያደርሰውን ነው፦ ስሚንቶውን፣ የኤልቲዜድ መስኮቱን (ብረቱ ላቡን እንጨቱ ላይ እያንጠባጠበ የመስኮቱን ደፍ አበስብሶታል)፣ የፕላስቲክ ቀለሙን። የአቡጀዲውን ኮርኒስ ደግሞ በአቡጀዲ መለስነው፣ ቀላል፣ ርካሽ፣ የሚያምር።

ቤቶቹ እንዲህ የሆኑት ባለቤቶቻቸው ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም፣ ይሄ ሲባል ያበሳጨኛል። ሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሲሆኑ አብዛኛው ትልልቅ ቤት ተከፋፈለ፣ አንድ ሳሎን በኮምፔንሳቶ ሦስት ቤተሰብ ሆነ፣ ኪራዩ ትንሽ ነው፣ የሚኖርበት ሰው ባለቤት አይደለም፣ ባለቤቱ ደግሞ አይኖርበትም፣ እና ጣሪያ ሲያፈስ ላስቲክ ይወጠርበታል። የዓመት የዓመቱ ኖራ፣ የአሸንዳ ጠረጋ፣ የተሰነጠቀውን መመረግ፣ ማን ነው የሚያደርገው? ትናንሽ ነገሮች ናቸው ግን ጭቃ ቤት የሚኖረው በነሱ ነው።

ሌላው ማንም የማያወራው ነገር መንገዱ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ጠጠር ተደለደለ፣ ከዛ ኮብልስቶን ተነጠፈ፣ ከዛ ደግሞ ተደለደለ፣ መንገዱ ከፍ ባለ ቁጥር የድሮው ቤት እየወረደ ሄደ። የአክስቴ ቤት ስር የድንጋዩ ግንብ ላይ ለወለሉ አየር ማስገቢያ ተብለው የተተው ቀዳዳዎች ነበሩ፣ ግማሾቹ አፈር ስር ናቸው፣ ግማሾቹን ደግሞ አይጥ ይገባል ተብሎ በስሚንቶ ተደፍነዋል። የሳንቃው ወለል የበሰበሰው ለዚህ ነው። እኛ ቀዳዳዎቹን ከፍተን ለአይጡ ወንፊት ሽቦ አደረግንላቸው፣ ዙሪያውን ቦይ ቆፍረን በድንጋይ ሞላን፣ አሸንዳ አዲስ ሰቀልን። ከሠራነው ሁሉ ለቤቱ ዕድሜ ትልቁ ይሄ ነው እላለሁ፣ ፎቶ ላይ ግን አይታይም። የድሮ ቤት ልታድሱ ከሆነ ከቀለም በፊት ውሃው በየት እንደሚሄድ እዩ። ቆርቆሮ ስትገዙም የጌጁን ቁጥር ጠይቁ፣ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው ይሳሳል፣ 35 ጌጅ ርካሽ ነው ግን የድሮው ላይ የነበረውን ውፍረት አይደርስበትም፣ እኛ 28 ነው ያለበስነው።

«ይሄ ሁሉ የሀብታም ጨዋታ ነው» የሚሉኝ አሉ። በቁም ነገር መልስ ይገባዋል። ዕቃው ርካሽ ነው፣ አፈር፣ ጭድ፣ እበት፣ ኖራ። ውድ የሆነው ጊዜውና እጁ ነው። ጊዜው ውድ የሆነው ቤት ውስጥ እየተኖረ ስለሚሠራ ነው፣ እጁ ውድ የሆነው ደግሞ የሚችሉት ሰዎች ስላለቁ ነው፣ ሙያ የሚማር ወጣት ብሎኬትና ኮንክሪት ነው የሚማረው፣ ጭቃ ምርጊት ሙያ ነው ብሎ ሰርተፍኬት የሚሰጠው አላየሁም። ጋሼ ልጆቻቸውን አላስተማሩም፣ «ጭቃ ረጋጭ ተብዬ ስሰደብ ኖሬ ለልጄ አላወርስም» ነው ያሉኝ፣ ይሄን ሲሉ ማንም መልስ አልነበረንም። አሁን ሁለት ልጆች አብረዋቸው እየሠሩ ነው፣ ከግንበኛ እኩል ደሞዝ ነው የምንከፍላቸው፣ ከዛ ባነሰ ማንም አይቆይም፣ ልክም አይደለም። ለአክስቴ ቤተሰብ ሽንት ቤቱንና ኩሽናውን ደግሞ ለብቻው በብሎኬት ከጓሮ ሠርተንላቸዋል፣ ውሃ የበዛበት ቦታ ጭቃ ቤት ውስጥ ባይገባ ይሻላል፣ ሰው ደግሞ ምቾት ይገባዋል።

ሕጉ አለን። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለፈቃድ እንዳይጠገን ይላል። ነገር ግን ያልተመዘገበውን ቤት ማን ያየዋል? በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ከነዚህ ስም ከሌላቸው ቤቶች ስንቱ አብሮ እንደሄደ በአካባቢው ያደገ ሰው ያውቀዋል። የጣይቱ ሆቴል ጥር 2007 ላይ ሲቃጠል ከተማው ሁሉ ደንግጦ ነበር፣ ድንጋጤው ስም ስላለው ነው፣ ተመልሶም ተሠራ። ለስም የለሾቹ ቢያንስ ከመፍረሳቸው በፊት አንድ ሰው ሜትርና ካሜራ ይዞ ይግባ፣ የበሩን፣ የደረጃውን፣ የክፈፉን ጌጥ ልክ ይውሰድ፣ እንጨቱም ማገዶ ከሚሆን ለጠጋኝ ይሸጥ።

አሁን የቀረን የሰሜኑ በረንዳ ነው። ጌጡ ከግማሽ በላይ ወድቋል፣ የቀረው ሦስት ዓይነት ቅርፅ አለው፣ አናጢያችን በካርቶን ላይ አንስቶታል፣ ማዕዘኖቹ ላይ ግን የድሮው ሰው መጋዙን እንዴት እንዳዞረ ገና እየተከራከርን ነው፣ በኤሌክትሪክ መጋዝ የሞከርነው ጠርዙ ክብ ሆኖ ወጣ፣ የድሮው ስል ነው፣ ስለዚህ በእጅ መጋዝ ይቆረጣል፣ ይዘገያል ይሁን። ክረምት ሳይገባ አይደርስም፣ ጣውላውም በደንብ መድረቅ አለበት። የደረቀ የዝግባ ሳንቃ ያለው፣ ወይ አባቱ አያቱ እንዲህ ያለ ጌጥ ሲቆርጥ ያየ ሰው ካለ፣ ጉለሌ ነን፣ ቡናም አለ።